ውስጥ እግር ሲደነዝዝ ጉልበት ይከዳል



በጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሰፈር፣ በበጋ ወራት ቀትር ላይ በባዶ እግሩ ከጥላ የወጣ ልጅ ብዙ ሳይራመድ እየዘለለ ይመለሳል። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 500 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቷ ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል። ፀሐይ የዋለበት መሬት ደግሞ ከአየሩ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ ልጁ ቢዘል አይገርምም። እንዲያውም መዝለሉ እግሩ ጤነኛ ለመሆኑ ምልክት ነው።

የሚያሳስበን የማይዘለው ሰው ነው። በዚያው በጋለ መሬት ላይ ምንም ሳይሰማው ያልፋል፤ ለመግሪብ ውዱእ ሲያደርግ ግን ውስጥ እግሩ ውኃ ቋጥሮ ያገኘዋል። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ ከወራት በፊት ጀምሮ ሌላም ነገር ሲናገር ቆይቷል፦ «እግሬ ከዳኝ፤ ስነሳ እወላገዳለሁ፤ ደረጃ ስወጣ እጄ ግድግዳ ይፈልጋል» ሲል ነበር። ቤተሰቡም «እርጅና ነው» ብሎ አልፎታል።

የእግር ቆዳ መደንዘዝና የእግር ጉልበት መድከም ለብዙዎቻችን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይመስሉናል። አንዱ የቆዳ፣ ሌላው የጡንቻ ጉዳይ ነው እንላለን። ይሁን እንጂ ሁለቱ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። በዛሬው የጤናና የአመጋገብ አምዳችን ዝምድናቸውን፣ የሚያበላሹትን ነገሮች፣ እንዲሁም በየቤታችን ልናደርገው የምንችለውን ቀላል ፍተሻ እናያለን።

«እግሬ ተኛ» ስንል

ደርስ ላይ እግራችንን አጥፈን ለረጅም ጊዜ ስንቀመጥ የሚደርስብንን እናስታውስ። ለመነሳት ስንሞክር እግሩ የእኛ አይመስልም። ብንረግጥም መሬቱ አይሰማንም፤ ጉልበታችን ይታጠፋል፤ አጠገባችን ያለውን ሰው ትከሻ እንይዛለን። ጥቂት ቆይቶ ጉንዳን የሚሄድበት ያህል ይወረንና ይለቀናል።

በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ጡንቻችን አልቀነሰም። የሆነው ነገር ወደ እግር የሚሄደው ነርቭ መጫኑ ነው። ነርቭ ሁለት ዓይነት መልእክት ያመላልሳል። አንዱ ከአንጎልና ከህብለ ሰረሰር ወደ ጡንቻ የሚወርደው ትእዛዝ ነው። ሌላው ከቆዳ፣ ከመገጣጠሚያና ከራሱ ከጡንቻው ወደ ላይ የሚወጣው ወሬ ነው። እግር ሲተኛ ሁለቱም ይታወካሉ። ትእዛዙ ይዳከማል፤ ወሬውም ይቋረጣል።

ስለ ጉልበት ስናስብ ብዙውን ጊዜ የምናስበው ስለ ትእዛዙ ብቻ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ትኩረት ግን ወሬው ነው። ዓይኑ ታስሮ ኩንታል የተሸከመ ብርቱ ሰው እናስብ። ጉልበቱ እንዳለ ነው፤ ሆኖም መንገዱን ስለማያይ እርምጃው ያጥራል፤ ሰውነቱ ይገተራል፤ ትንሽ ጉድጓድም ይጥለዋል። ውስጥ እግሩ የደነዘዘ ሰው ጡንቻም እንደዚሁ ነው።

ውስጥ እግር ምን ያወራል?

በውስጥ እግር ቆዳ ውስጥ መነካትን፣ መጫንን፣ መለጠጥንና ንዝረትን የሚለዩ አራት ዓይነት ጥቃቅን የስሜት ሕዋሳት አሉ። ከእነርሱ ውስጥ ሁለቱ ዓይነቶች ክብደት እስካረፈባቸው ድረስ ያለማቋረጥ ይናገራሉ። ሁለቱ ደግሞ የሚናገሩት ለውጥ ሲኖር ነው፤ እግር መሬት ሲነካ፣ ሲለቅ፣ ሲያዳልጥ ወይም ጠጠር ሲረግጥ መልእክት ይልካሉ።

እ.ኤ.አ. በ2002 በካናዳ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኬኔዲና ኢንግሊስ በጤነኛ ሰዎች ውስጥ እግር የሚገኙ 104 እንዲህ ያሉ ሕዋሳትን አንድ በአንድ መርምረው ነበር። ከ104ቱ 73ቱ ለውጥን የሚናገሩት ዓይነት ሆነው ተገኙ። ሕዋሳቱ የተገኙትም በተረከዝ ወይም በጣቶች ብቻ ሳይሆን በውስጥ እግር በሙሉ ተበትነው ነው። እግሩ ምንም ሳይጫንበት ሲቀመጥ ደግሞ ዝም ይላሉ። እንግዲህ ውስጥ እግራችን የተሠራው የቆምንበትን መሬትና የሰውነታችንን ሚዛን በየቅጽበቱ ለመናገር ነው ማለት ይቻላል።

ይህን ለማየት ከሶላት የተሻለ ምሳሌ የለም። ቀጥ ብለን ስንቆም የማንነቃነቅ ይመስለናል። በእርግጥ ግን ሰውነታችን በጥቂቱ ወደፊትና ወደኋላ ይወዛወዛል። ወደፊት ሲያዘነብል ክብደቱ ወደ ጣቶቻችን ሥር ይሄዳል፤ ቆዳው ይህን ይናገራል፤ ባታችንም ጠበቅ ብሎ ይመልሰናል። ወደ ሩኩዕ ስንወርድ ክብደቱ ቦታ ይቀይራል። ከሱጁድ ስንነሳ የታጠፉት ጣቶቻችን መሬቱን ገፍተው ያነሱናል። እኛ ሳናስበው ቆዳው ያወራል፤ ጡንቻውም ይሠራል።

ከእሾህ እስከ እንቅፋት

እሾህ የወጋን ጊዜ እግራችንን የምናነሳው አስበን አይደለም። ቆዳው የላከው መልእክት ህብለ ሰረሰር ሲደርስ አንጎልን ሳይጠብቅ ትእዛዝ ይወጣል። የተወጋው እግር ይታጠፋል፤ በዚያው ቅጽበት የሌላኛው እግር ጡንቻዎች ይጠነክራሉ፤ ምክንያቱም ሙሉ ክብደታችን ወደዚያ ዞሯል። ይህን አሠራር በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በዝርዝር ያጠናው እ.ኤ.አ. በ1932 የኖቤል ሽልማት ያገኘው እንግሊዛዊው ሰር ቻርልስ ሼሪንግተን ነው። የአንዱ እግር ቆዳ የሌላውን እግር ጡንቻ ሲያጠነክር እናያለን።

እንቅፋትም እንዲሁ ነው። ስንራመድ የእግራችን ጣት ወይም ጀርባ ድንጋይ ሲመታ ጉልበታችን ፈጥኖ ይታጠፍና እግራችን ድንጋዩን ያልፋል። የደነዘዘ እግር ግን መመታቱን አያውቅም፤ ስለዚህ አይታጠፍም፤ ሰውየው ይወድቃል።

እ.ኤ.አ. በ2005 በአውስትራሊያ የተደረገ ጥናት ነገሩን ይበልጥ አጉልቶ አሳይቷል። ከውስጥ እግር ከሚነሱት የስሜት ነርቮች ውስጥ የአንዲት ቀጭን ክር መልእክት ብቻውን ቁርጭምጭሚትን በሚያንቀሳቅሱ ጡንቻዎች ሥራ ላይ የሚታይ ለውጥ ማምጣት እንደሚችል ተረጋገጠ። አንድ ክር ይህን ካደረገ የመላው ውስጥ እግር ዝምታ ምን እንደሚያደርስ መገመት አያዳግትም።

ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2000 በካናዳ የጤነኛ ሰዎች ውስጥ እግር በበረዶ እንዲደነዝዝ ተደርጎ፣ የቆሙበት ወለል በድንገት ሲንቀሳቀስ ሚዛናቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ ታይቷል። የጡንቻቸው መጠን ምንም ሳይቀየር እርምጃቸው ተለወጠ። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የቦስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለወጣቶችና ለአረጋውያን በእግር ሥር ደካማ ንዝረት የሚሰጥ የጫማ ገበር አስረገጡ። ንዝረቱ ለተሳታፊዎቹ አይታወቃቸውም ነበር። ሆኖም ቆመው ሳለ መወዛወዛቸው ቀነሰ፤ ጥቅሙም ከወጣቶቹ ይልቅ በአረጋውያኑ ላይ ጎልቶ ታየ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ቆዳ ጉልበት አይፈጥርም፤ ጉልበት የሚፈጥረው ጡንቻ ነው። ቆዳው የሚያደርገው ጡንቻው መቼ፣ ምን ያህልና በየትኛው በኩል እንዲሠራ መንገር ነው። ስለዚህ ውስጥ እግርን በማሸት ብቻ ሽባነት ይድናል ለሚል ሰው ጆሯችንን አንስጥ።

ስሜቱን የሚያጠፉት ምንድን ናቸው?

የመጀመሪያው የስኳር በሽታ ነው። ስኳር በደም ውስጥ ለዓመታት ከፍ ብሎ ሲቆይ ነርቮችንና ነርቮቹን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል። ጉዳቱ የሚጀምረው ረጅሙን መንገድ ከሚጓዙት ነርቮች፣ ማለትም ከእግር ጣቶች ነው። ከዚያም ካልሲ ለብሶ እንደሚወጣ ያህል ወደ ላይ ይወጣል። ከስኳር ሕሙማን እስከ ግማሽ የሚደርሱት በዕድሜያቸው ይህ ጉዳት ያገኛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ሰፊ ግምገማ እንደሚለው ደግሞ ከስኳር ሕሙማን ከ19 እስከ 34 በመቶ የሚሆኑት በዕድሜያቸው የእግር ቁስል ያጋጥማቸዋል።

ነርቩ ሲጎዳ የሚጠፋው ስሜት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በዴንማርክ የተደረገ ጥናት የነርቭ ጉዳት ባለባቸው የስኳር ሕሙማን መዳፈ እግር ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጡንቻዎች መጠን ከጤነኞች ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ያህል ቀንሶ እንደተገኘ አሳይቷል። ወሬውም ትእዛዙም በአንድ መንገድ ስለሚሄዱ መንገዱ ሲበላሽ ሁለቱም ይጎዳሉ። ስለዚህ የስኳር ሕመምተኛ የሆነች እናት «ጣቶቼ ደንዝዘዋል» ስትል «ጉልበትሽስ እንዴት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። አባት «ጉልበቴ ደከመ» ሲሉም «ውስጥ እግርዎ መሬቱን ያውቀዋል?» ማለት ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የሥጋ ደዌ ነው። ብዙዎች ይህ በሽታ ድሮ የጠፋ ይመስላቸዋል። አልጠፋም፤ በአገራችን አሁንም በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ አዳዲስ ሕሙማን ይገኛሉ። ለዚሁ ሕክምናና ሥልጠና ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1965 በአዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል ለአገራችን ብቻ ሳይሆን ለአፍሪካም ትልቅ አገልግሎት የሰጠ ተቋም ነው። የሥጋ ደዌ ተሕዋስ የሚያጠቃው ቆዳንና ነርቭን ነው። ከቁርጭምጭሚት በስተውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ሲጎዳ ውስጥ እግር ይደነዝዛል፤ ጣቶችም ይቆለመማሉ። ከጉልበት በታች በስተውጭ የሚያልፈው ሲጎዳ ደግሞ እግር ወደ ላይ አልነሳ ይላል፤ ሰውየው እግሩን እየጎተተ ይሄዳል።

ቀደም ባሉት ዘመናት የሥጋ ደዌ ሕሙማን ጣት የሚጠፋው ሥጋቸው በራሱ ስለሚበሰብስ ነው ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1946 ጀምሮ በሕንድ አገር ቬሎር ያገለገለው ሐኪም ፖል ብራንድ ግን ዋናው ምክንያት ሕመም አለመሰማቱ መሆኑን አሳየ። ሕመም የማይሰማው እግር ቆስሎ ሳለ ይራመዳል፤ ቁስሉ እየሰፋ ይሄዳል። ይህ ትምህርት ዛሬ የስኳር ሕሙማንን እግር ከመቆረጥ ለማዳን ያገለግላል። የሥጋ ደዌ መድኃኒት በነፃ የሚሰጥ ሲሆን እንደ በሽታው ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወር ያድናል። የነርቭ ጉዳቱም ከጀመረ 6 ወር ሳያልፈው ሕክምና ካገኘ ስሜቱና ጉልበቱ የመመለስ ዕድል አለው። ስለዚህ ስሜት የሌለው ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ ቆዳ የታየበት ሰው ሐፍረት ይዞት ቤት መቀመጥ የለበትም።

ሦስተኛው አንዳንድ በሽታዎችና መድኃኒቶች ናቸው። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድ የቫይታሚን ቢ6 እጥረት በማስከተል እግርን ሊያደነዝዝ ይችላል፤ ለዚህም ነው ሐኪሞች አብረው ቢ6 የሚያዙት። ኤች.አይ.ቪ ራሱም ነርቭን ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአገራችን ክልሎች ከፍተኛው የኤች.አይ.ቪ ስርጭት የተመዘገበው በጋምቤላ ሲሆን 4.8 በመቶ ነበር። ስለዚህ ጉዳዩ ለክልሉ ነዋሪዎች የሩቅ አይደለም። መድኃኒት ወሳጆች እግራቸው ሲደነዝዝ ለሐኪም ይናገሩ እንጂ በራሳቸው መድኃኒቱን አያቋርጡ።

ምግብና ነርቭ

ነርቭ ምግብ ይፈልጋል። ዋነኞቹ ቫይታሚን ቢ1፣ ቢ6 እና ቢ12 ናቸው። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ነው፤ ከጉበት፣ ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት። በዚህ ረገድ ጋምቤላ የታደለች ናት። የባሮ ወንዝ ዓሣና የከብቶቿ ወተት በቅርብ የሚገኙ የቢ12 ምንጮች ናቸው። በኑሮ ውድነት ሥጋ የራቀው ቤተሰብ በሳምንት ጥቂት ጊዜ ዓሣ ወይም እንቁላል ቢያገኝ ትልቅ ነገር ነው።

ቢ1 ደግሞ በጥራጥሬና ከነገለባው በተፈጨ እህል ውስጥ አለ። የበቆሎና የማሽላ ገንፎ ከምስር፣ ከሽንብራ ወይም ከባቄላ ወጥ ጋር ሲቀርብ ነርቭንም ጡንቻንም ይመግባል። በተፈተገ ነጭ ሩዝ ወይም በነጭ ዱቄት ብቻ የሚኖር ሰው ግን ለእጥረት ይጋለጣል። መጠጥም ነርቭን ከሚያደነዝዙት አንዱ እንደሆነ በሕክምና የታወቀ ነው።

ለስኳር ሕሙማን አንድ ተጨማሪ ማሳሰቢያ አለን። ሜትፎርሚን የተባለው ኪኒን ጠቃሚ መድኃኒት ነው። ሆኖም ለዓመታት ሲወሰድ የቢ12 መጠንን ሊቀንስ ይችላል። እግሩ የደነዘዘበት ሰው «ከስኳሩ ነው» ብሎ ብቻ እንዳይተወውና ሐኪሙን ስለ ቢ12 እንዲጠይቅ ይመከራል።

ስለ ምግብ ካነሳን ጓያንም እናስታውስ። በሰሜን ምዕራብ የአገራችን ክፍል በድርቅ ጊዜ ጓያ አብዝተው የበሉ ብዙ ወገኖቻችን እግራቸው ተሳስሮ ቀርቷል። እዚህ ላይ ግን ነገሩ ከደነዘዘ እግር ይለያል። ጓያ የሚጎዳው ከአንጎል የሚወርደውን የትእዛዝ መንገድ ነው። እግሩ ይገተራል፤ ስሜቱ ግን እንዳለ ይቆያል። አንዱ ትእዛዙ ሲበላሽ፣ ሌላው ወሬው ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ከሁለቱ እንማራለን።

የስድስት ጣቶች ፍተሻ

በጤና ተቋማት የእግር ስሜት የሚመረመረው 10 ግራም በሚመዝን ግፊት በሚታጠፍ ቀጭን የናይለን ክርና በሚነዝር የብረት መሣሪያ ነው። መሣሪያ በሌለበት ቤት ግን በእንግሊዝ አገር ኢፕስዊች ከተማ የተዘጋጀና እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ የሆነ ቀላል ዘዴ አለ። የሚፈልገው አንድ የቤተሰብ አባልና አንድ ጣት ብቻ ነው።

ተመርማሪው ጋደም ብሎ ዓይኑን ይጨፍን። መርማሪው በሌባ ጣቱ ጫፍ የተመርማሪውን የእግር ጣቶች ጫፍ ለ1 ወይም ለ2 ሰከንድ ቀስ ብሎ ይንካ። አይጫን፤ አያሻሽ፤ አይኮርኩር። የሚነኩት የሁለቱም እግሮች አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿ ጣት ናቸው፤ በድምሩ 6። ተመርማሪው ሲሰማው «ቀኝ» ወይም «ግራ» ይበል። ያልተሰማውን ጣት ደግሞ መንካት አያስፈልግም። ከ6ቱ ውስጥ 2 ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰሙ የእግሩ ስሜት ቀንሷል ማለት ስለሆነ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ሁሉም ቢሰሙም የስኳር ሕመምተኛ በዓመት አንድ ጊዜ እግሩን በባለሙያ ማስመርመር አለበት።

ውዱእ፦ በቀን አምስት ጊዜ የሚገኝ ዕድል

ሌላው ሰው እግሩን እንዲያይ ሐኪም ስንት ጊዜ ይመክረዋል! ሙስሊም ግን ለሶላት ሲዘጋጅ በየቀኑ እግሩን እስከ ቁርጭምጭሚቱ ያጥባል፤ በጣቶቹም መካከል ውኃ ያስገባል። ይህንን አጋጣሚ ለጤናችን ብንጠቀምበት ምን ያህል እግር ይድን ነበር!

• ቢያንስ በቀን አንድ ጊዜ፣ ብርሃን ባለበት፣ ውስጥ እግርን፣ ተረከዝንና የጣቶችን መካከል ይመልከቱ። ማየት ያልቻለ ሰው መስታወት መሬት ላይ ያስቀምጥ ወይም ልጁን ያሳይ።

• የውኃውን ሙቀት በእግርዎ አይለኩ። በጋምቤላ ፀሐይ ላይ የዋለ ሮቶ ወይም ጀሪካን ውኃው ሊያቃጥል ይችላል፤ በደጋ ደግሞ ለሱብሂ የሚሞቅ ውኃ አለ። በክርንዎ ይለኩት።

• ከታጠቡ በኋላ በተለይ የጣቶችን መካከል በደንብ ያድርቁ። የደረቀና የተሰነጠቀ ተረከዝን ቅባት ይቀቡ፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀቡ።

• የደነዘዘ እግር በባዶው አይሂድ፤ ቤት ውስጥም ቢሆን። ነጠላ ጫማ ከጋለ መሬት ያድናል፤ ከእሾህና ከእንቅፋት ግን ጣትን የሚሸፍን፣ ሰፋ ያለና ለስላሳ ጫማ ይሻላል። ከማድረግዎ በፊት ጫማውን አራግፈው በእጅዎ ውስጡን ይዳስሱ።

• እግርን ለማሞቅ ወደ ከሰል ምድጃ አያስጠጉ። የቆረፈደ ቆዳን በምላጭ አይቁረጡ።

ቁስል ያለበት ሰው ውዱእን እንዴት ማድረግ እንዳለበት፣ መቆም ያቃተው ሰውም እንዴት መስገድ እንዳለበት በአካባቢው ያሉ ዑለሞችን ይጠይቅ። ዲናችን ለታማሚ ያገራውን ራሳችን አናክብደው።

ጉልበትን ለመጠበቅ

እግሩ ቁስል የሌለበት ሰው ጡንቻውን ማሠራት ይችላል። ግድግዳ ወይም ጠንካራ ወንበር ይዞ ተረከዝን ከመሬት ማንሳትና ቀስ ብሎ መመለስ፤ እስከ 10 ጊዜ። ከወንበር ያለ እጅ እርዳታ መነሳትና መቀመጥ። ተቀምጦ ጣቶችን መዘርጋትና ማጠፍ። ይህ የጠፋውን ስሜት ባይመልስም የቀረውን ጡንቻ ያጠነክራል፤ መውደቅንም ለመከላከል ይረዳል።

ስሜት የቀነሰበት ሰው በጨለማ ይበልጥ ይቸገራል። ቀን ቀን ዓይኑ የእግሩን ሥራ ያግዝለታል፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ግን ሁለቱንም ያጣል። ስለዚህ ለሱብሂ ሲነሳ ባትሪ አጠገቡ ይሁን፤ በክረምት ጭቃ ላይም ከዘራ ይያዝ።

ከሁሉም በላይ ስኳርን መቆጣጠር ነው። የጠፋ ስሜትን ከመመለስ ያለውን መጠበቅ ይቀላል። በረመዳን መጾም የሚፈልግ የስኳር ሕመምተኛም ጾሙ ሳይገባ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

የሚከተሉት ከታዩ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የእግር ቁስል ካበጠ፣ ከቀላ፣ ከሸተተ ወይም ከጠቆረ፤ ሳያም እንኳ እግሩ ሞቆ ካበጠ፤ እግር በድንገት ከሰነፈ ወይም ወደ ላይ አልነሳ ካለ፤ መደንዘዙ ከእግር ተነስቶ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ ከወጣ፤ ከመደንዘዙ ጋር ሽንትና ሰገራ መቆጣጠር ካስቸገረ። «አያመኝም» ማለት ማረጋገጫ አይሆንም፤ የደነዘዘ እግር ትልቁ አደጋው አለማመሙ ነውና።

መስጂዶቻችንስ?

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ለመስጂድ ኮሚቴዎች እናቅርብ። በጋምቤላም ሆነ በሌሎች ቆላማ ከተሞች ሰጋጁ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ከውዱእ ቦታ እስከ መስገጃው ድረስ በጋለ ሲሚንቶ ላይ ይራመዳል። ወጣቱ እየሮጠ ያልፋል። የደነዘዘ እግር ያላቸው አባት ግን በዝግታ ይሄዳሉ፤ መቃጠላቸውንም አያውቁም። በዚያ መንገድ ላይ ምንጣፍ መዘርጋት ወይም ጥላ መሥራት፣ በውዱእ ቦታ የሚያዝ ብረትና የሚቀመጡበት ወንበር ማዘጋጀት ብዙ ወጪ የለውም። ከጁሙዓ በኋላ የጤና ባለሙያ ጋብዞ የስድስት ጣቶችን ፍተሻ ማስተማርም ይቻላል።

ውድ አንባቢያን፤ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ስትገቡ ከአባታችሁ ወይም ከእናታችሁ እግር ሥር ቁጭ በሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጣቶቻቸውን ንኩላቸው። ለዚህ የሚወስደው ጊዜ ሻይ እስኪፈላ ያህል አይሆንም። ምናልባት «እርጅና ነው» የተባለው ድካም ሌላ ስም እንዳለው ታገኙ ይሆናል።

አላህ (ሱ.ወ) ጤናችንን ይጠብቅልን፤ ሕሙማንንም ያሽርልን። አሚን!